አብዮቱን ማን ተረከበው? ከቴህራን ባዛር እስከ አራዳ ገበያ

አባቴ በ1966 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ታክሲ ይነዳ ነበር፡፡ መኪናዋ ሴቼንቶ ነበረች፤ የራሱ ግን አልነበረችም፤ በየማታው ለባለንብረቱ ሒሳብ ያስገባ ነበር፡፡ የካቲት 11 ቀን ጠዋት መኪናዋን ካዛንቺስ ባለንብረቱ ግቢ አቁሞ፣ ቁልፉን አስረክቦ፣ ወደ ዶሮ ማነቂያ በእግሩ የገባባትን ቀን እስኪሞት ድረስ ሲያወራት ኖሯል፡፡ እኔ ያኔ የአራት ዓመት ልጅ ስለነበርኩ የማስታውሰው የለም፡፡ ወሬው ሁልጊዜ የሚያበቃው ግን በአንድ ጥያቄ ነበር፡፡ "እኛ ሥራ ያቆምነው ለቤንዚን ነው፤ ንጉሡን ማን አወረዳቸው?" ይል ነበር፡፡

ሕግ ተምሬም ለዚህ ጥያቄ አጥጋቢ መልስ ሳልሰጠው አረፈ፡፡ ዛሬ ልሞክር፡፡ መልሱን ለማግኘት ግን ከፒያሳ ተነስቼ ቴህራን ደርሼ መመለስ ስላለብኝ አንባቢ ይታገሠኝ፡፡ መንገዱም የሚመስለውን ያህል ሩቅ አይደለም፡፡ የአባቴን ታክሲ ያቆመው ዋጋ የተቆረጠው ቴህራን ነውና፡፡

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1973 የኦፔክ አባል የሆኑት የባሕረ ሰላጤው አገሮች ቴህራን ላይ ተሰብስበው የአንድ በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ ከእጥፍ በላይ አሳድገው 11 ዶላር ከ65 ሳንቲም አደረሱት፡፡ ዋጋውን ለዓለም ያበሰሩት የኢራኑ ሻህ መሐመድ ሬዛ ፓህላቪ ራሳቸው ነበሩ፡፡ ሁለት ወር ሳይሞላ የእኛ መንግሥት የቤንዚን ዋጋ በግማሽ ያህል ጨመረ፤ የታክሲ ታሪፍ ግን ባለበት ይቆይ አለ፡፡ ከዚያ ወዲያ የሆነው ይታወቃል፡፡ ታክሲው ቆመ፤ መምህሩ ቆመ፤ ወታደሩ በየጦር ሰፈሩ አኮረፈ፤ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ በወሩ መጨረሻ ሥልጣኑን ለቀቀ፡፡

ከዚህ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በጥቅምት 1964 ዓ.ም.፣ ሻሁ የፋርስን ንጉሣዊ መንግሥት 2,500ኛ ዓመት በፐርሰፖሊስ ሲያከብሩ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከክብር እንግዶቹ አንዱ ነበሩ፡፡ አንዱ ዘራቸውን ከሰሎሞን ይቆጥራሉ፣ ሌላው የቂሮስ ወራሽ ነኝ ይላሉ፡፡ ከዚያ ድግስ በኋላ በሦስት ዓመት ውስጥ የእኛ ንጉሠ ነገሥት በቮልስዋገን ከቤተ መንግሥታቸው ወጡ፤ በስምንተኛው ዓመት ሻሁ በአውሮፕላን ከአገራቸው ወጡ፡፡ የእኛን ዙፋን ወታደር ወረሰው፤ የእነሱን አያቶላህ ወረሰው፡፡ ልዩነቱ ከየት መጣ?

የሃርቫርዷ ፕሮፌሰር ቴዳ ስኮችፖል እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት መጽሐፍ አብዮት ሰዎች አቅደው የሚሠሩት ነገር አይደለም፣ የመንግሥት መዋቅር ከውስጥና ከውጭ በሚመጣ ጫና ሲሰነጠቅ የሚከሰት ነው ብለው ተከራክረው ነበር፡፡ መጽሐፉ ገበያ ላይ በዋለበት ዓመት የኢራን አብዮት መጣባቸው፡፡ በ1982 ባወጡት ጽሑፍ፣ ታስቦበትና ተደራጅቶ የተሠራ አብዮት አለ ከተባለ የኢራኑ ነው ሲሉ በቅንነት አመኑ፡፡ ምክንያቱንም በሁለት ነገር አስቀመጡት፡፡ አንደኛው መንግሥቱ በነዳጅ ገንዘብ ስለሚኖር ከኅብረተሰቡ ጋር የሚያያይዘው ገመድ መላላቱ ነው፤ ሁለተኛው የሺዓ እስልምና ከከተማው ማኅበራዊ ኑሮ ጋር የተሳሰረበት መንገድ ነው፡፡ እኔን ለብዙ ዓመታት የያዘኝ ይህ ሁለተኛው ነው፡፡

ብዙ ሰው ስለ ኢራን ሲነሳ የሚሰጠው መልስ እምነቱን ነው፡፡ ሺዓ የሰማዕትነት ሃይማኖት ነው ይላል፡፡ ነገሩ እውነት አለው፡፡ የነቢዩ የልጅ ልጅ ኢማም ሑሴን እ.ኤ.አ. በ680 ከርበላ ላይ በየዚድ ጦር ተገድለዋል፤ በየዓመቱ በሙሐረም ወር ይለቀስላቸዋል፤ በ1978 የቴህራን ሕዝብ ሻሁን "የዘመኑ የዚድ" ሲላቸው ማንም ትርጉም አላስፈለገውም፡፡ ነገር ግን ልቅሶው እኮ ከሺህ ዓመት በላይ ነበረ! ሻሆቹ ራሳቸው ገንዘብ እየሰጡ ያስለቅሱ ነበር፡፡ የቁም ከተማው ታላቅ ሊቅ አያቶላህ ቦሩጀርዲ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1961፣ ሊቃውንቱን ከፖለቲካ እንዲርቁ ሲመክሩ ኖረዋል፡፡ አያቶላህ ካሻኒ በ1953 ከሞሳዴቅ ተለይተው ቆመዋል፡፡ ያው እምነት፣ ያው ከርበላ፣ ሌላ ውጤት፡፡

ትርጓሜው የተለወጠው ዘግይቶ ነው፡፡ ኾሜይኒ በ1970 ነጀፍ ላይ ሆነው ኢማሙ በሌሉበት ዘመን መንግሥትን መምራት የሕግ ሊቁ ግዴታ ነው ብለው አስተማሩ፤ ቪላያተ ፋቂህ የሚባለው ይኸው ነው፡፡ አሊ ሸሪዓቲ ደግሞ በቴህራኑ ሑሴይኒየ ኢርሻድ አዳራሽ ለወጣቱ ስለ ሑሴን ማልቀስ ብቻ አይበቃም፣ እንደ ሑሴን መነሳት ይገባል አለ፡፡ ጥሩ፡፡ የእኛም ተማሪዎች በየካቲት 1957 "መሬት ለአራሹ" ብለው ወጥተዋል፤ ሐሳብስ አልጠፋም ነበር፡፡ ሐሳብ ግን ቤት ይፈልጋል፤ ገንዘብ ያዥ ይፈልጋል፤ ሰው የሚሰበሰብበት ቀን ይፈልጋል፡፡

ገንዘቡን እንይ፡፡ አንድ የሺዓ ምእመን በሕይወት ካሉት ሊቃውንት አንዱን መርጦ ይከተላል፤ ኹምስ የሚባለውን፣ ከትርፉ አንድ አምስተኛውን፣ ለዚያ ሊቅ ወይም ለወኪሉ ያስገባል፡፡ መንግሥት በመካከሉ የለም፡፡ የፓህላቪ መንግሥት ከሊቃውንቱ እጅ ፍርድ ቤቱን ወስዷል፣ ትምህርት ቤቱን ወስዷል፣ የወቅፉን ንብረት ተቆጣጥሯል፡፡ ከምእመን ኪስ ወደ ሊቁ የሚሄደውን ገንዘብ ግን ሊይዘው አልቻለም፡፡ ኾሜይኒ በኅዳር 1964 ከአገር ሲባረሩ ገንዘቡ ተከትሏቸው ሄደ፤ የእሳቸው ደቀ መዛሙርትም ከዚያው ገንዘብ እየተከፈላቸው በየመስጊዱ ቀሩ፡፡ ዋነኛው ከፋይ የባዛሩ ነጋዴ ነው፡፡ ስለዚህ ነው በ1978 የነዳጅ ሠራተኛው ሥራ ሲያቆም ነጋዴውና መስጊዱ ቤተሰቡን ሊያበሉለት የቻሉት፡፡ አባቴ ያለ ሒሳብ ስንት ቀን መቆየት ይችል ነበር? ሦስት? አራት? መንግሥት ከቀናት በኋላ የቤንዚኑን ዋጋ ቀነስ ሲያደርግ ሮጦ ወደ ካዛንቺስ ቢመለስ ማን ይፈርድበታል?

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ስረዳ ግን ነገሩ የቤቴ ነገር ሆነብኝ፡፡ በቴህራን በየሰፈሩና በየሙያው "ሃይአት" የሚባሉ ማኅበራት አሉ፡፡ ጫማ ሰፊው ከጫማ ሰፊው፣ ከአንድ ክፍለ ሀገር የመጣው ከአገሩ ልጅ ጋር ይደራጃል፡፡ መዋጮ ያዋጣሉ፣ በሙሐረም ድንኳን ይጥላሉ፣ ድስት ይጥዳሉ፣ ያለቅሳሉ፡፡ ይህን ያነበበ የአዲስ አበባ ሰው ምን ይላል? ዕድር ነው! ድንኳኑም፣ መዋጮውም፣ ብረት ድስቱም ያው ነው፡፡ ልዩነቱ በእነሱ ድንኳን መካከል ሰባኪ ይቀመጣል፤ በእኛ ድንኳን ውስጥ ካርታ የሚጫወቱ ለቅሶ ደራሾች ይቀመጣሉ፡፡ የእነሱ ማኅበር በነጀፍና በኋላም በፓሪስ አጠገብ የተቀዳ የኾሜይኒን ካሴት ከሰፈር ሰፈር አዳረሰ፡፡ የእኛ ዕድር ጥሩምባ ነፊ አለው፤ ጥሩምባው የሚናገረው ግን ማን እንደሞተና ቀብሩ የት እንደሆነ ብቻ ነው፡፡

ቀኑም ተመሳሳይ ነው፡፡ እነሱም እንደኛ አርባ ያወጣሉ፡፡ ጥር 9 ቀን 1978 (እ.ኤ.አ.) ቁም ላይ ሰልፈኞች ተገደሉ፡፡ አርባቸው የካቲት 18 ዋለ፤ ታብሪዝ ተነሳች፤ እዚያም ሰው ሞተ፡፡ የታብሪዞቹ አርባ በመጋቢት መጨረሻ ሲደርስ ያዝድ ተነሳች፡፡ መንግሥት ሰልፍን በአዋጅ ይከለክላል እንጂ ተዝካርን እንዴት ይከለክላል? በዓመቱ መጨረሻ የአሹራ ዋዜማና የአሹራ ዕለት፣ ታኅሣሥ 10 እና 11፣ የወጣው ሕዝብ ከዚያ በፊት ታይቶ የማይታወቅ ነበር፡፡ (የታብሪዝ ቀን በእኛ አቆጣጠር የካቲት 11 ነው፡፡ አባቴ ይህን ቢሰማ ደስ ይለው ነበር፤ አጋጣሚ ከመሆን ግን አያልፍም፡፡)

አሁን ወደ አራዳ እንመለስ፡፡ አራዳ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ለሚያይ ሰው ቦታው ለእንዲህ ያለ ነገር የተሠራ ይመስላል፡፡ ቤተ ክርስቲያኑና ገበያው ጎን ለጎን ነበሩ፤ ጣሊያን መጥቶ ገበያውን ወደ መርካቶ እስኪያዛውረው ድረስ የአገሩ ትልቁ ገበያ የጊዮርጊስ ደጅ ነበር፡፡ በቴህራን ባዛርና መስጊድ በአንድ ግድግዳ እንደሚኖሩት ማለት ነው፡፡ ግን በአራዳ ግድግዳው ገንዘብ አያሳልፍም፡፡ የአራዳና የፒያሳ ነጋዴ ጉራጌ ነው፣ የመናዊ ነው፣ ግሪክ ነው፣ አርመን ነው፣ ህንድ ነው፤ ገንዘቡን በዕቁብ ያዞራል፣ ሲሞት በዕድር ይቀበራል፡፡ ስለት ያስገባል፣ ዝክር ይዘክራል፤ ቤተ ክርስቲያኗ ግን የምትኖረው በነጋዴው ገንዘብ ሳይሆን በመሬት ነበር፡፡ መሬቱን የሰጠው ንጉሥ ነው፡፡

የሕግ ሰው ስለሆንኩ ወረቀቱን ላምጣ፡፡ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 126 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ነች፣ በመንግሥትም ትደገፋለች ይላል፤ የንጉሠ ነገሥቱ ስም በጸሎት ሁሉ እንዲነሳም ያዛል፡፡ ቀጣዩ አንቀጽ የጳጳሳቱን ሹመት ከንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ጋር ያስራል፡፡ በአንጻሩ የኢራን የ1907 ተጨማሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 2 የምክር ቤቱን ሕግ መርምረው ከሃይማኖቱ ጋር የማይስማማውን የሚጥሉ ቢያንስ አምስት ሊቃውንት እንዲኖሩ ደንግጎ ነበር፡፡ በተግባር ብዙም አልተሠራበትም፡፡ የሁለቱ ወረቀቶች መንፈስ ግን ገሃድ ነው፤ በአንዱ ንጉሡ ጳጳሱን ያጸድቃል፣ በሌላው ሊቁ የንጉሡን ሕግ ይመረምራል፡፡

ሰማዕትስ አልነበረንም? ነበረን፤ ሐውልታቸው ከማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ ቆሟል፡፡ አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጣሊያን ጥይት ተገደሉ፡፡ የፒያሳ ልጅ ሁሉ በሐውልታቸው ሥር አልፏል፤ በ2005 ዓ.ም. ለባቡሩ ሥራ ሲነሳ ሰው እንዴት እንደደነገጠ፣ ሲመለስም እንዴት እንደተደሰተ እናስታውሳለን፡፡ ነገር ግን ሑሴንን የገደለው የገዛ እምነቱ ገዢ ነው፤ የከርበላ ልቅሶ ሁሌም ወደ ቤተ መንግሥት ያመለክታል፡፡ አቡነ ጴጥሮስን የገደለው የውጭ ወራሪ ነው፡፡ ስለዚህ የእሳቸው ሰማዕትነት ከድል በኋላ ለዙፋኑ ክብር ሆነ እንጂ ዙፋኑን የሚጠይቅ አልሆነም፡፡ አራዳ ጊዮርጊስ ራሱ ዘውድ የተጫነበት ቤት ነው፤ ንግሥት ዘውዲቱም ንጉሠ ነገሥቱም የነገሡት እዚያ ነው፡፡

በ1966 ዓ.ም. ዝቅተኛ ደመወዝ ያላቸው ካህናት እንደማንኛውም ሠራተኛ ደመወዝ ይጨመርልን ብለው ጠየቁ፡፡ ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር፡፡ ሰልፉን ለመምራት የሚያስብ ግን በመካከላቸው አልነበረም፤ ደመወዝተኛ ደመወዝ ከፋዩን እንዴት ይመራል?

ከሁሉ የሚገርመው የሙስሊሙ ሰልፍ ነው፡፡ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ከመቶ ሺህ በላይ እንደሚሆን የሚነገርለት ሕዝብ፣ ክርስቲያን ደጋፊዎችም ጭምር፣ በአዲስ አበባ ወጣ፡፡ የእኛ ሙስሊሞች ሱኒ ናቸው፤ ኹምስ የሚሰበስብ አያቶላህ የላቸውም፡፡ በዓሎቻቸው በሕግ አይታወቁም ነበር፤ "በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች" ይባሉ ነበር እንጂ "ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች" አይባሉም ነበር፡፡ የጠየቁት ሃይማኖትና መንግሥት እንዲለያዩ ነው፡፡ ልብ በሉ፤ ቴህራን ላይ መስጊድ መንግሥትን ለመረከብ ሲወጣ፣ አዲስ አበባ ላይ መስጊድ የወጣው መንግሥት ከሃይማኖት ላይ እጁን እንዲያነሳ ነው፡፡ በዚያ ዓመት ከተጠየቁት ጥያቄዎች ሁሉ ሩቅ ያየው ይህ ይመስለኛል፡፡

ተማሪውስ? ከስድስት ኪሎ ፒያሳ ቁልቁል በእግር የሚወረድ ነው፡፡ ተማሪው የወጣበትን ቤት ድንኳን የሚጥለው ዕድር ነው፡፡ ግን የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማኅበር ልሳን "ስትራግል" በእንግሊዝኛ ነበር የሚጻፈው፤ የዕድሩ ዳኛ እንዴት ያንብበው?

እንግዲህ የአባቴ ጥያቄ መልስ እዚህ ላይ ይመስለኛል፡፡ በ1966 ዓ.ም. ያኮረፈ ሞልቶ ነበር፡፡ አንድ ጥሪ ሲደረግ ከየክፍለ ሀገሩ ወኪል መርጦ፣ መገናኛ ሬዲዮ ይዞ፣ ደመወዙ ሳይቋረጥበት ሊሰበሰብ የሚችለው ግን ወታደሩ ብቻ ነበር፡፡ በሰኔ ወር ከመቶ የሚበልጡ የጦሩ ተወካዮች አራተኛ ክፍለ ጦር ገቡ፡፡ ሌላው ሁሉ ወይ ከቤተ መንግሥት የሚበላ ነበር፣ ወይ እንደ ዕድራችን ከሞት ሌላ ጉዳይ የሌለው፡፡ ቤተ ክርስቲያኗ ምእመኑን በሰበካ ጉባኤ ማደራጀት የጀመረችው በ1965 ዓ.ም. ነው፤ አንድ ዓመት ሲቀር፡፡

የዚህ ልዩነት ፍሬ በ1971 ዓ.ም. ታየ፡፡ በዚያ ዓመት ጥር 24 ቀን ኾሜይኒ ከ14 ዓመት ስደት በኋላ ቴህራን አረፉ፤ በዐሥረኛው ቀን መንግሥቱ እጃቸው ገባ፡፡ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር እዚህ አዲስ አበባ፣ በየካቲት 1968 ከመንበራቸው ተነስተው የታሰሩት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በድብቅ ተገደሉ፡፡ አፅማቸው ተገኝቶ ጎፋ ገብርኤል ያረፈው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፡፡ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም በዚያው ሐምሌ ታፍነው ተገደሉ፡፡ አንድ ዓመት፣ ሁለት ከተማ፡፡

ደርግ ደግሞ ኢራን ገና ሳይነሳ የአርባን ኃይል ያወቀ ይመስላል፡፡ በቀይ ሽብር ልጅ የተገደለባቸው እናቶች እንዳያለቅሱ ተከለከሉ፤ ድንኳን እንዳይጣል ተከለከለ፡፡ በሐምሌ 1967 የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቀበሌን ሲፈጥር የዕድርን ጎረቤት ሁሉ ወስዶ የመንግሥት ክንድ አደረገው፡፡ ዕድር ቀብሩን ይዞ ቀረ፡፡

ይህን ስጽፍ ለኢራን እየቀናሁ አይደለም፡፡ ባዛርጋን በኅዳር 1979 ከጠቅላይ ሚኒስትርነት ለቀቁ፤ ቪላያተ ፋቂህን የተቃወሙት ታላቁ አያቶላህ ሸሪዓትማዳሪ በ1982 ማዕረጋቸው ተነጥቆ በቁም እስር ተያዙ፤ አብረው የታገሉት ግራ ክንፎች በገመድ አለቁ፡፡ ከዚህ የከፋው ግን መስጊዱ ራሱ የደረሰበት ነው፡፡ መንግሥት ሲሆን ከመንግሥት ውጭ የነበረውን ቦታውን ለቀቀ፡፡ በ2022 በማህሳ አሚኒ ሞት የተቆጣው ወጣት አደባባይ ሲወጣ ድንኳን የሚጥልለት ሃይአት፣ የሚያበላው መስጊድ አላገኘም፤ ቆቡን ከሊቁ ራስ ላይ እየጣለ ነበር የሚሮጠው፡፡ ማለትም የዚያን ዓመት የቴህራን ልጅ የአባቴን መንገድ ነው የሄደው፡፡

በእኛ አገር ግን ነገሩ በተቃራኒው የሄደ ይመስለኛል፤ ይህን የምለው በጥንቃቄ ነው፡፡ በ2004 ዓ.ም. ከአወሊያ የተነሳው የሙስሊሞች እንቅስቃሴ ዓርብ ዓርብ አንዋር መስጊድ ሲሰበሰብ ባለሥልጣናቱ የቁምን ጥላ ያዩ መሰላቸው፡፡ የኮሚቴው አባላት እስላማዊ መንግሥት ሊያቋቁሙ ነበር ተብለው በፀረ ሽብር አዋጁ ተከሰው በ2007 ዓ.ም. ከሰባት እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው፤ በኋላ ተፈቱ፡፡ የጠየቁት ግን መጅሊሳችንን ራሳችን እንምረጥ ነበር፡፡ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 ላይ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ያለውን ነው ያነበቡለት፡፡ ያው የ1966ቱ ጥያቄ ነው፡፡

በጥር 2015 ዓ.ም. ደግሞ ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ያለ ሲኖዶሱ ዕውቅና 26 ኤጲስ ቆጶሳት ሲሾሙ፣ ሲኖዶሱ ምእመኑ በነነዌ ጾም ጥቁር እንዲለብስ ጠራ፡፡ ፒያሳ ጥቁር ለብሳ አየኋት፡፡ ለየካቲት 5 የተጠራው ሰልፍ በንግግር ቀረ፤ ማን ትክክል ነበር የሚለው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም፡፡ እኔን ያስገረመኝ ያ ጥሪ በ1966 ሊታሰብ የማይችል መሆኑ ነው፡፡ ምን ተለወጠ? የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የቤተ ክርስቲያኗን መሬት ወረሰ፡፡ ከዚያ ወዲህ የምትኖረው በምእመኑ አሥራት፣ በስለቱ፣ በሰበካ ጉባኤው መዋጮ ነው፡፡ ሊያደክማት የወረሳት ደርግ ሳያውቀው የገንዘቧን መንገድ ከቤተ መንግሥት ወደ ምእመን ኪስ አዞረው፡፡

ዕድራችን ግን እንዲያ አልሆነለትም፡፡ በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ የእናቴ ዕድር አባላት ተበተኑ፤ አንዱ ቦሌ አራብሳ፣ አንዱ ከልጁ ጋር፣ አንዱ ሌላ ዳርቻ፡፡ የቤቶቹን እርጅና አልክድም፤ እዚያ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ክረምት ሲመጣ ጣራው የሚያፈስበትን ቦታ ሁሉ አውቀዋለሁ፡፡ ለቤቱ ምትክ ተሰጠ፡፡ ለዕድሩ ምትክ እንዲሰጥ ግን የጠየቀም የመለሰም አላየሁም፡፡ ባለፈው ወር ስብሰባ የመጡት 19 ሰዎች ናቸው፤ ጥሩምባ ነፊው አርፏል፣ ስልክ ነው የምንደዋወለው፡፡

የዕድሩ ዳኛ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው፡፡ "አንተ ልጅ፣ ሕግ ተምረህ የለ? እስቲ ይቺን አስተካክልልን" ብለው መተዳደሪያ ደንቡን ሰጡኝ፡፡ አንቀጽ 3፣ "የዕድሩ አባል ማለት በሰፈሩ ክልል ነዋሪ የሆነ" ይላል፡፡ ሰፈሩ የለም፡፡ "ነዋሪ የነበረ" ብዬ ጻፍኩና ሰረዝኩት፤ እንዲያ ከሆነ አዲስ አባል መቀበል አይቻልም፡፡ ቁጥሩን በስልክ ዝርዝር ልተካው ብዬ እሱንም ሰረዝኩት፡፡ የሚቀጥለው ስብሰባ ወሩ በገባ በመጀመሪያው እሑድ ነው፤ አንዲት እናት ከቦሌ አራብሳ በሦስት ታክሲ ነው የሚመጡት፡፡